ቅጥቅጥ ፌራሪ

ወልድያ ውስጥ ካሉት ጋራዦች በአንዱ በር ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ጆሮውን የሚሰጥ ሰው ጣሊያንኛ ሳይማር ጣሊያንኛ ይሰማል። "ካቻቢቴ አቀብለኝ"፣ "ኮፈኑን ክፈተው"፣ "ፍሪሲዮኑ አልቋል"፣ "ማርሚታው ተበስቷል"፣ "ኩሽኔታው ይጮሃል"፣ "ፍሬቻህ አይበራም"። ጎማውም፣ ብሎኑም፣ ላሜራውም፣ ስቱኮውም ከዚያው ከባሕር ማዶ የመጣ ቃል ነው። ከወረራው ዘመን መንገድና ከባድ መኪና ጋር ገባ፤ በእነ ኤንትሬ ፊያት ተሳፍሮ ዳገቱን ሁሉ ወጣ፤ ዛሬ የጃፓን መኪና የሚፈታ የሃያ ዓመት ልጅ የሥራ ቋንቋ ሆኗል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የአንዱ ሙያ ስም ነው። የተጨራመተ በር የሚያቃና፣ የተሰረጎደ ኮፈን የሚያወጣው ሰው ባቲላሜራ ይባላል። በእኛ በወሎዎች ጆሮ ባቲ ከተማ ናት፣ ቅኝትም ናት። ጣሊያኖቹ ግን "ባቲ" ሲሉ መምታታቸው ነው፤ ባቲላሜራ ማለት ላሜራ መቺ።

ይህን ያነሳሁት መርሳ ላይ በተነሳ ክርክር ምክንያት ነው። ከጥቂት የሀብሩ ወጣቶች ጋር ቡና ስንጠጣ አንዱ የባጃጅ ሹፌር ስልኩን ከፍቶ ቀይ፣ ጠፍጣፋ፣ ግንባሯ ላይ ጥቁር ጭንብል የታሰረባት የምትመስል መኪና አሳየን። በ2024 የተዋወቀችው የፌራሪ ኤፍ80 ነበረች (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። "አሁን ይቺ መኪና ናት መንኮራኩር?" አለ። ጓደኛው "ፌራሪማ ድሮ ቀረ" ሲለው፣ ሦስተኛው "አብሽር፣ ገና በኤሌክትሪክ ልትመጣ ነው" ብሎ ነገሩን አጋጋለው። የልጁ ባጃጅ የኋላ ላሜራ ላይ በኋላ እግሮቹ የቆመ ጥቁር ፈረስ ተለጥፏል። ፌራሪን በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ እኔም አላየሁም። ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ፦ የጣሊያን ሱፐርካሮች መልክ ወዴት እየሄደ ነው?

ለወልድያ ሰው ምኑ ነው የሚል አይጠፋም። የኢትዮጵያ መንግሥት በጥር 2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ በዚህም አገራችን ከዓለም የመጀመሪያዋ ትባላለች። አዲስ አበባ ላይ ቢዋይዲው፣ የቮልስዋገኑ አይዲ 4፣ የቶዮታው ቢዚ4ኤክስ የተበራከቱት ከዚሁ ጋር ነው። እንግዲህ ነገ አንድ ባለጸጋ ወሎዬ ተነስቶ "ፌራሪ ላስገባ" ቢል ሕጉ የሚያሳልፍለት ያለ ነዳጅ የምትሄደዋን ብቻ ነው። በፌራሪ ቤት በማራኔሎ ገና የሚከራከሩበትን ጉዳይ የሞጆ ጉምሩክ ቆርጦታል።

ወደፊቱን ለመገመት ግን አነሳሱን ማየት ያስፈልጋል፤ አነሳሱ ደግሞ ከምናስበው በላይ የእኛን ይመስላል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጣሊያን ውስጥ ውድ መኪና የሚገዛ ሰው ሁለት ቤት ያንኳኳ ነበር። አንዱ ፋብሪካ ሞተር የተገጠመበት ሻሲ ይሸጥለታል፤ አልፋ ሮሜዮ ወይም ላንቻ። ሻሲውን ይዞ ወደ ካሮሴሪያ ይሄድና ቆዳውን ያሠራል። ዛጋቶ በ1919፣ ቱሪንግ በ1926፣ ፒኒን ፋሪና በ1930 የተከፈቱት በዚህ ሥራ ነው። ቱሪንግ በ1936 "እጅግ ቀላል" የሚል ትርጉም ባለው ስም አንድ የአሠራር መብት አስመዘገበ፦ ከቀጫጭን ቱቦ አጽም ይበየዳል፣ በላዩ ላይ በእጅ የተቀጠቀጠ ስስ አሉሚኒየም ይለብሳል።

አሁን ወደ ወልድያ መናኸሪያ እንመለስ። ጃፓን ሠራሽ የአይሱዙ የጭነት ሻሲ ይመጣል፤ አገር ቤት ያለ ባለሙያ የብረት አጽም ይበይድበታል፣ ላሜራ ያለብሰዋል፣ ወንበር ይደረድርበታል፣ ፖርቶመጋላ ይጭንበታል፤ ቅጥቅጥ ሆነ። እነ ዛጋቶና ቱሪንግ ሚላኖ ላይ ያደረጉት ነገር ሁሉ ተደርጓል። ልዩነቱ ሚላኖ ላይ ቀጥቃጩ ስሙን በትንሽ የብረት ሰሌዳ ቀርጾ ጎኑ ላይ መለጠፉና ደንበኛው በዚያ ስም መኩራቱ ነው። እኛ "በቅጥቅጥ መጣሁ" ስንል ድምፃችን ዝቅ ይላል። ከመርሳ ወደ ደሴ በቅጥቅጥ ሲኬድ በምትታለፈው ውጫሌ በ1889 የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛ አንድ፣ በጣሊያንኛ ሌላ ሆኖ መገኘቱን ሁሉም ያውቃል። "ቅጥቅጥ" እና "ካሮሴሪያ"ም እንደዚያ ናቸው፤ አንድ ሥራ በሁለት ቋንቋ ሲጻፍ አንዱ ክብር፣ አንዱ ንቀት ሆኖ ወጣ።

የዚህ ሥራ ጫፍ የታየው ሞዴና ላይ ነው፤ በሰርጂዮ ስካልዬቲ ግቢ። ከ1962 እስከ 1964 ድረስ 36 ያህል ብቻ የተሠራችው ፌራሪ 250 ጂቲኦ አካሏ በመዶሻ የተመታ ነው፤ አሉሚኒየሙን አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ እያስቀመጡ ይወቅሩት ነበር። ከዚያ ሰፈር የሚወጣ ሥራ መነሻው ብዙ ጊዜ የሽቦ አጽም ነው፤ የመኪናው መስመር በወፍራም ሽቦ ይቆለመማል፣ ላሜራው በዚያ እየተለካ ይገጠማል። መርሳ ውስጥ ያደገ ማንም ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም። የሽቦ መኪና ያልሠራ ማን አለ? ጎማው ከነጠላ ጫማ የተቆረጠ፣ መሪው ረጅም ሽቦ ሆኖ እስከ ደረት የሚደርስ። እኛ ላሜራው ላይ ሳንደርስ አደግን እንጂ መጀመሪያውን ይዘነው ነበር። እጅ ስለሠራቸው ሁለት ጂቲኦዎች ፍጹም አንድ አይደሉም፤ የአንዷ የግራ ትከሻ ከቀኙ ጋር የማይመሳሰልበት ጊዜ አለ። ዛሬ እነዚህ መኪኖች በጨረታ በአስር ሚሊዮኖች ዶላር ሲሸጡ ገዢው አብሮ የሚገዛው ያንን መንጋደድ ነው።

ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ ግን ጌታው ተቀየረ። መልክን የሚያዘው መዶሻው መሆኑ ቀርቶ ሞተሩ ሆነ። ላምቦርጊኒ በ1966 ጄኔቭ ላይ ሚዩራን ሲያቀርብ ባለ 12 ሲሊንደሩ ሞተር ከሹፌሩ ጀርባ በወርድ ተጋድሞ ነበር። ሞተሩ ከፊት ሲነሳ አፍንጫዋ ወደ መሬት ወረደ፣ ወንበሩ ወደፊት ተገፋ፣ ወገቧ ሰፋ። ነዳፊው የበርቶኔ ካሮሴሪያው ማርቼሎ ጋንዲኒ ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ቀጥሎ ያደረገው ደግሞ ይብሳል፦ በ1970 ያሳያት ላንቻ ስትራቶስ ዜሮ ቁመቷ 84 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከቡና ቤት ጠረጴዛ እምብዛም አትበልጥም፤ ሹፌሩ የሚገባው የፊት መስታወቱን እንደ ክዳን ከፍቶ ነው። በ1971 ካውንታሽ መጣች። ሽቅብ የሚከፈቱት በሮቿ ለጉራ ብቻ የተሠሩ የሚመስለው ብዙ ነው። የመኪናዋ ጎን ሰፊና ወፍራም በመሆኑ ተራ በር ቢገጠምላት ጠባብ ቦታ ላይ መውጫ አይኖርም ነበር፤ ወደ ኋላም አታሳይም። ስለዚህ ሹፌሮቿ ወደ ኋላ ሲሄዱ በሩን ሽቅብ ከፍተው ደፉ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ወደ ኋላ ይመልሳሉ። ረዳቱ የጠፋበት የኤንትሬ ሹፌር ወልድያ ገበያ ዳር ሲዞር ያየ ሰው ትዕይንቱን ለመገመት አይቸገርም።

የ1984ቷ ፌራሪ ቴስታሮሳ ለዚህ ነገር ከሁሉ የተሻለች ምስክር ናት። ከእርሷ በፊት በነበረችው ሞዴል ራዲያተሩ አፍንጫው ላይ ነበር፤ የፈላው ውሃ በቱቦ በወንበሮቹ ሥር እያለፈ ተሳፋሪውን ይጠብሰው ነበር። ስለዚህ ራዲያተሩን ለሁለት ከፍለው ወደ ኋላ ጎኖቿ ወሰዱት። ጎኗ አፍ አወጣ፤ አፉ ደግሞ በረጃጅም ቅጠሎች ተሸፈነ። የዚያን ዘመን ወጣቶች ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ያ ጎን የራዲያተር መፍላት የወለደው ነው። ከጊራና ሜዳ ሽንኩርት ጭኖ የወልድያን ዳገት ከሰዓት በኋላ የሚወጣ ሹፌር ስለ ውበት ከዚህ የተሻለ ትምህርት አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። ከጣሊያን እጅ የወጣ ንድፍ ሀብሩን በእውነት የረገጠው በሦስት ጎማ ነው። ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የሚባል የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ለፒያጆ ፋብሪካ ቬስፓን ነደፈ፤ ተርብ ማለት ነው። በ1948 ከዚያች ሞተር ሳይክል ሦስት ጎማ ያለው ዕቃ ጫኝ ወጣ፤ ስሙን አፔ አሉት፣ ንብ። የሕንዱ ባጃጅ ከፒያጆ ፈቃድ ገዝቶ ቬስፓን ሲሠራ ቆይቶ፣ ውሉ በ1971 ሲያበቃ በራሱ ቀጠለ። መርሳ ላይ ከገበያ ወደ ቤት ቲማቲም የሚያደርሰው ባጃጅ እንግዲህ የዚያች ንብ የልጅ ልጅ ነው። በዚያው በ1948 ፌሩቺዮ ላምቦርጊኒ ትራክተር መሥራት ጀምሯል፤ የስፖርት መኪናው የመጣው ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው። በልጁ ባጃጅ ላይ ያ ፈረስ ተለጥፎ ሳይ የማልስቀው ለዚህ ነው፤ ዝምድናው ከሩቅም ቢሆን አለ።

ወደ ጉዳዩ። ከ2000 በኋላ የመጣው ለውጥ የሞተሩም የመዶሻውም አይደለም፤ የቢሮ ለውጥ ነው። ፒኒንፋሪና ለስድሳ ዓመት ገደማ የፌራሪን ልብስ ሲሰፋ ኖረ። ፌራሪ ግን ከ2010 ጀምሮ በፍላቪዮ ማንዞኒ የሚመራ የራሱን የንድፍ ቤት አቋቋመ፤ የ2013ቷ ላፌራሪ ከዚያ ወጣች። ላምቦርጊኒም ከ1998 ጀምሮ በአውዲ እጅ ነው፤ የራሱ ነዳፊዎችም አሉት። ፒኒንፋሪና በ2015 ለሕንዱ ማሂንድራ ተሸጠ። የባጃጁን ነገር ላስተዋለ ሰው ይህ ሁለተኛው የጣሊያን ርስት ነው ሕንድ የደረሰው። ቆዳና አጥንት ወደ አንድ ግቢ ገቡ፤ የሰፊው ስም ከመኪናው ጎን ተነሳ። የዛሬው ግራ መጋባት የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በአንድ ግቢ ውስጥ የገበያው ሰው፣ የነፋሱ ሰው፣ የሕጉ ሰውና ነዳፊው አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ መኪናዋ የስብሰባ መልክ ይዛ ትወጣለች።

ከዚያ ስብሰባ ሰሞኑን ከሚወጡት ድምፆች ጎላ ያለው ትዝታ ነው። ላምቦርጊኒ በ2021 የካውንታሽን ስምና መስመር መልሶ 112 መኪና ሸጠ። ጋንዲኒ በአደባባይ "እጄ የለበትም" ብሎ ራሱን ለየ፤ እርሱ የሚኮራበት ያለፈውን አለመድገሙ ነበርና። በመጋቢት 2024 አረፈ። አልፋ ሮሜዮ በ2023 የ1967ቷን 33 ስትራዳሌ አስነስቶ 33 ብቻ እሠራለሁ አለ። ፌራሪ በ2024 ዶዲቺ ቺሊንድሪን ሲያወጣ ከፊቷ ላይ ያሰረባት ጥቁር ሻሽ የ1968ቷን ዴይቶናን ያስታውሳል፤ በ2025 ደግሞ የቴስታሮሳን ስም ለአዲስ መኪና ሰጠ።

ስለ ትዝታ ለወሎ ሰው ማስረዳት ድፍረት ነው፤ ግን እንደ እኛ ከሆነ ትዝታ ቅኝት ነው። ክራሩ በትዝታ ይቃኛል፣ ከዚያ በኋላ የሚዘፈነው አዲስ ነው። የአባቱን ዜማ ቃል በቃል የሚደግም አዝማሪ እዚህ አገር እንጀራ አይበላም። በዚህ ሚዛን ዶዲቺ ቺሊንድሪ ያልፋል፤ ከዴይቶና የወሰደው ቅኝቱን ነው፣ ሻሹን ያዩ ሁሉ አሮጌዋ ናት አይሉም። የ2021ዱ ካውንታሽ ግን ድጋሚ ነው፤ እንደ ሠርግ ቤት ኪቦርድ ድምፁ ተመሳስሎ ነፍሱ የለም። ጋንዲኒ ልክ ነበር።

ሁለተኛው ድምፅ ነፋስ ነው። ኤፍ80 በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ስትበር ነፋሱ በ1,050 ኪሎ ግራም ኃይል ወደ መሬት ይጫናታል፤ ጀርባዋ ላይ ትልቅ የእህል ጭነት እንደተሰቀለ ቁጠሩት። አፏ፣ ትከሻዋ፣ ጀርባዋ ላይ ያለው ጥቁር ቀዳዳ ሁሉ ለዚህ ነው፤ የባጃጁን ልጅ "መንኮራኩር" ያሰኘውም ይኸው። ችግሩ ነፋስ የማንም አገር ሰው አለመሆኑ ነው። ለጣሊያኑም፣ ለእንግሊዙም፣ ለቻይናውም የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ሁሉም ተመሳሳይ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ተመሳሳይ ቀዳዳ ይበሳሉ። ሾፌሮቻችን ለቶዮታ ሚኒባሶች "ዶልፊን"፣ "አባዱላ" እያሉ ስም የሚያወጡት መልክ ከመልክ ሲለይ ነው። ነፋስ ብቻ የነደፋቸውን ምን ብለው ይጠሯቸው ይሆን? በነገራችን ላይ ወልድያ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ያ ሁሉ ጫና እዚህ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተርም ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይተነፍስ ወልድያም ሆነ ጅቡቲ ለእርሱ አንድ ነው።

ሦስተኛው ከፍታ ነው፤ የመሬት ክፍተት። ላምቦርጊኒ በ1986 ኤልኤም002 በተባለ አውሬ ሞክሮት፣ በ2017 በዩሩስ ገንዘብ አገኘበት። ፌራሪም አይሆንም አይሆንም ሲል ቆይቶ በ2022 ባለ አራት በር ፑሮሳንግዌን አወጣ። በዚያው ዓመት ላምቦርጊኒ ሁራካንን 44 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጎ ስቴራቶ ብሎ ሰየማት፤ ኮረኮንች ማለት ነው። ጣሊያን ኮረኮንችን የቅንጦት ዕቃ አድርጋ መሸጥ መጀመሯን የሀብሩ የገጠር ቀበሌዎች ቢሰሙ ምን እንደሚሉ እንጃ። ከሲሪንቃ እስከ ወልድያ ያሉትን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ሆዷን ሳትላጥ የምታልፍ ጠፍጣፋ ላምቦርጊኒ ካለች እርሷ ናት። በዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያሻም፤ ረጃጅሞቹ የገበያ ልጆች ናቸው፣ የቤቱን ወጪ ይሸፍናሉ፣ መልክ ግን አያወርሱም።

የቀረው ኤሌክትሪክ ነው፤ እውነተኛው ጥያቄም ያለው እዚህ ነው።

ፌራሪ በጥቅምት 2025 የመጀመሪያዋን ሙሉ ኤሌክትሪክ መኪናውን ሻሲ፣ ባትሪና ሞተሮች አሳየ። አራት ሞተሮች፣ ከ1,000 የፈረስ ጉልበት በላይ፣ 122 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ። የሚገርመው መጀመሪያ ያሳየው አጥንቱን መሆኑ ነው፤ ቆዳው ቆየ። በንድፉ ላይ የአይፎንን መልክ ያወጣው ጆኒ አይቭ ከማርክ ኒውሰን ጋር የመሠረተው ላቭፍሮም አብሮ ሠርቷል። ለድምፁ ደግሞ ከሞተሩ አክስል የሚወጣውን ንዝረት በመሣሪያ ይዘው እንደ ኤሌክትሪክ ጊታር አጉልተው ያሰሙታል። በዚያው ሰሞን ፌራሪ ለ2030 የያዘውን ዕቅድ ከለሰ፤ ከሚያቀርባቸው ሞዴሎች 40 በመቶው ሙሉ ኤሌክትሪክ ይሆናሉ ሲል የነበረው ወደ 20 በመቶ ወረደ። ላምቦርጊኒ በ2023 ያሳያትን ላንዛዶር በ2024 መጨረሻ ወደ 2029 ገፋት። ማሴራቲ የኤምሲ20ን ኤሌክትሪክ እህት ሳትወለድ ሰረዛት። በራሱ ስም ሱፐርካር የሚሠራው ኦራሲዮ ፓጋኒ ለዓመታት ካስጠና በኋላ ደንበኞቹ እንዳልፈለጉት ተናግሮ፣ በ2022 ባወጣት ኡቶፒያ ላይ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተርና ለሚፈልግ በእጅ የሚቀየር ማርሽ ገጠመ።

ስለዚህ ብዙ ጸሐፊዎች ኤሌክትሪክ ለሱፐርካር አልሆነም ብለው ዘግተውታል። ለገበያው እውነት ሊሆን ይችላል። ለመልኩ ግን ጉዳዩ የተለየ ነው። ላለፉት ስድሳ ዓመታት የጣሊያን መኪና መልክ "ሞተሩ የት ይተኛል? በየት ይተነፍሳል? ሙቀቱ በየት ይወጣል?" ለሚል ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነበር። ሚዩራም፣ ካውንታሽም፣ ቴስታሮሳም የዚያ መልስ ልጆች ናቸው። የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ሐብሐብ ትንሽ ነው፣ የሚጠይቀው አየር የለም፣ አክስሉ ላይ ይተኛል። ጥያቄው ሲቀር መልሱ ምክንያት ያጣል። ባትሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወለሉ ሥር ስለሚነጠፍ ወንበሩን ከፍ ያደርገዋል፤ የስትራቶስ ዜሮ 84 ሳንቲ ሜትር በዚህ መንገድ አይገኝም። በትዝታና በነፋስ መሸሸግ የበዛው ለዚህ ይመስለኛል፤ አዛዡ ሞተር ሥልጣኑን ሊለቅ ሲል ቤቱ ሌላ አዛዥ ይፈልጋል።

የእኔ ግምት እንዲህ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባለ ጎማ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው፤ ባትሪ፣ ሞተርና መሪ ያለው፣ ቆዳ የሌለው። ያ ማለት ሻሲ ነው። ሻሲ ብቻውን መሸጥ ሲችል ቆዳው እንደገና የራሱ ሰው ያስፈልገዋል። ከ1930ዎቹ የሚላኖ ሥርዓት ወይም ከዛሬው የወልድያ መናኸሪያ ምን ለየው? ምልክቱም ታይቷል። በ2019 ባቲስታ የተባለችው 1,900 የፈረስ ጉልበት ያላት ኤሌክትሪክ መኪና በፒኒንፋሪና ስም ስትወጣ አጥንቱና ባትሪው የክሮኤሺያው ሪማች ነበሩ፤ ፒኒንፋሪና ቆዳውን ሰፋ። አልፋ ሮሜዮ 33 ስትራዳሌን ሲያስነሳ መሠረቷ ከማሴራቲ ኤምሲ20 ጋር የሚዛመድ ሲሆን በእጅ የገጣጠማት በ1926 የተከፈተው ያው ቱሪንግ ነው፤ በ1966 ተዘግቶ በዚህ ክፍለ ዘመን በስሙ እንደገና የተነሳው። አንዱ አጥንት ሰጠ፣ ሌላው ስም ሰጠ፣ ሦስተኛው ለበጠ። ቅጥቅጥ ማለት ይህ ነው። ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ የሚደነቀው የጣሊያን ሱፐርካር ከትልልቆቹ ግቢዎች የሚወጣው ላይሆን ይችላል፤ ከአንዱ ዝም ብሎ ሻሲ ገዝቶ ሠላሳ ሰው ቀጥሮ፣ ለሠላሳ ደንበኛ ሠላሳ መልክ ከሚሰፋ ካሮሴሪያ ሊሆን ይችላል።

ይህን ግምት የሚያደናቅፉ ነገሮች እንዳሉ አልክድም። የመኪና አደጋ ፍተሻ ሕግ በ1936 አልነበረም፤ ዛሬ እያንዳንዱን አዲስ ቆዳ በግድግዳ ላይ እያጋጩ ማስመሰከር ትንሹን ቤት ያከስራል። ትልልቆቹም ሥልጣን በቀላሉ አይለቁም፤ ፌራሪ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሠራቸው መኪኖች አሉት፣ በዚያ የካሮሴሪያውን ገበያ ቀድሞ ይዟል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያጸደቀው የ2035 የነዳጅ መኪና ክልከላም እንደገና ለድርድር ቀርቧል፤ ቢላላ ባለ 12 ሲሊንደሩ ሞተር ዕድሜው ይረዝማል፣ እኔም ለጊዜው የተሳሳትሁ እመስላለሁ።

ከሁሉ የከበደው መሰናክል ግን ቁሱ ነው። ዛሬ ጫፍ ላይ ያሉት ሱፐርካሮች ላሜራ የላቸውም፤ አካላቸው ካርበን ፋይበር ነው፣ በጨርቅ መልክ ተነጥፎ በሙጫ ይታሻል፣ በግፊት ምድጃ ይበስላል። ፓጋኒ ወጣት ሳለ ላምቦርጊኒ ቤት ተቀጥሮ ይህን ምድጃ ግዙልኝ ብሎ ለምኖ እምቢ ሲባል በብድር የራሱን ገዛ፤ የዛሬ ድርጅቱ የተነሳው ከዚያ ነው። ካርበን አይመታም፣ አይቃናም። ከተሰበረ በመዶሻ አይመለስም። ባቲላሜራ የሚለው ስም ሞዴና ላይም የሙዚየም ስም ሊሆን የቀረበው ለዚህ ነው፤ ባለ መዶሻ እጅ የሚፈለገው አሮጌዎቹን ለመጠገን ሆኗል።

ይህን ይዤ ወደ ወልድያው ጋራዥ ሄድሁ። "ጋሼ፣ ፌራሪ ቢመጣልዎት ያቃኑታል?" አልኋቸው። ሽማግሌው ባቲላሜራ ከአንድ አይሱዙ በር ላይ ቀና ሳይሉ "ምንድን ነው? ላሜራ ነው?" አሉኝ።

"አዲሷ ኤፍ80 ካርበን ናት። ድሮ አሉሚኒየም ነበር።"

"አሉሚኒየም ይታዘዛል፤ ቶሎ ስለሚሰነጠቅ ብቻ ሞቅ ማድረግ ነው። ያኛውን አላውቀውም።" ትንሽ መቱና በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነበር። "ደግሞ አንዱን ጎን ከሌላው ጎን ጋር ማመሳሰል ነው የሚያስቸግረው። ፋብሪካውም ቢሆን አንድ አድርጎ አይሠራውም፤ ገልብጠህ ለካው።"

እያወራን የመርሳው ልጅ ባጃጁን እየገፋ መጣ። አንድ አይሱዙ ከኋላ ነክቶት ላሜራው ገብቷል፤ ፈረሱ ያለበት ቦታ ላይ። ሽማግሌው አዩት፣ ሁለት ሰዓት ቢበዛ ሦስት ሰዓት አሉ። ልጁ ግን መዶሻ ከመነሳቱ በፊት ሙቅ ውሃ ለመነ። በጨርቅ እያረጠበ የተለጠፈውን ፈረስ ከዳር ከዳር በጥፍሩ አነሳው፣ አንድ እግሩ ብቻ ተቀደደ። ላሜራው እስኪቃና፣ ስቱኮው እስኪደርቅ፣ ቀለሙ እስኪረጭ ድረስ ፈረሱ ስፖኪዮው ላይ በሦስት እግሩ ቆሞ ዋለ።